ስለ ደሴና ስለ ወሎ ዊኪፔዲያ ላይ ለምትጽፉ፣ ለምታጠፉና ለምትመልሱ ሁሉ፤ ግልጽ ደብዳቤ

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ እንዴት ሰነበታችሁ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽዬ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ፣ ከዛ ሆኜ ነው ምጽፍላችሁ። አብዛኞቻችሁን ማውቃችሁ በዊኪፔዲያ ስማችሁ ብቻ ነው፣ እናንተም እኔን እንደዛው። ለአንድ ሰው ብቻ ብጽፈው የተጣላሁ ስለሚመስል፣ ነገሩም የአንድ ሰው ነገር ስላልሆነ፣ ግልጽ ደብዳቤ ይሁን ብዬ ነው።

ግንቦት መጨረሻ አካባቢ ነው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ጠዋት መጣችና "ጋሼ የደሴን ታሪክ ከዊኪፔዲያ ፕሪንት አርግልኝ" አለችኝ፣ አረኩላት፣ 4 ገጽ ነው፣ ከፍላ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ደሞ የክፍሏ ልጅ መጣ፣ ያው አሳይመንቱ አንድ ነው፣ ያንኑ ገጽ አወጣሁለት። ወደ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱም ተያይዘው ተመልሰው መጡና ወረቀታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጉት። ርዕሱ አንድ፣ ፎቶው አንድ፣ አንቀጹ ቃል በቃል አንድ፣ ጣልያን ደሴን በአውሮፕላን የደበደበበት ዓመት ላይ ሲደርስ ግን የሷ 1928 ይላል፣ የሱ 1935 ይላል። ልጁ በጣቱ እየጠቆመ "የማናችን ነው ስህተቱ ጋሼ? ማርክ ይቀነስብናል" አለኝ።

እኔ ወዲያው አልመለስኩለትም። 1928ን የጻፍኩት እኔ ነኛ። 1935 እያለ ሚመልሰው ደሞ ስሙን ብቻ ማውቀው ሰው ነው፣ ሁለት ቀን ሙሉ እሱ ያጠፋል እኔ እመልሳለሁ፣ እኔ አጠፋለሁ እሱ ይመልሳል፣ ቆጥሬዋለሁ 11 ጊዜ ተመላልሰናል፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉ ተነስቼ ስልኬን አይቼ መልሼ የተኛሁበት አለ። ያች ልጅ የኔ ተራ ላይ ደረሰች፣ ልጁ የሱ ተራ ላይ። "ታሪክ" ሚለውን ብትጫኑ እያንዳንዱ ለውጥ ከነሰዓቱ ተመዝግቦ ቁጭ ብሏል፣ ዊኪፔዲያ ላይ ሰው የሰራው ነገር አይደበቅም። አጠገቡ ያለውን "ውይይት" ሚለውን ግን እኔም አልተጫንኩትም እሱም አልተጫነውም፣ ባዶ ነበር፣ አንድ መስመር የለበትም።

ሁለታችንም ልክ ነበርን። የተደበደበችው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጁ ዲሴምበር 6 ቀን 1935። ጃንሆይ እዚሁ ከተማ ነበሩ፣ የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል ተመቷል፣ ይሄን ያህል የታወቀ ቀን ነው። "ዓ.ም." እና "እ.ኤ.አ." ሚሉትን ፊደሎች ጨምረን ሁለቱንም ብንጽፍ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ለልጆቹ በስክሪፕቶ ሁለቱም ወረቀት ላይ ሁለቱንም ዓመት ጻፍኩላቸውና ሸኘኋቸው። ማታ ቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ስንት ልጅ ነው በዚህ ሁለት ቀን ያንን ገጽ የከፈተው ብዬ።

የዘመን አቆጣጠር ነገር እንደቀልድ ሚታለፍ አይደለም። ከፈረንጁ ጋር ያለን ልዩነት 7 ወይ 8 ዓመት ነው፣ የትኛው እንደሆነ በወሩ ነው ሚታወቀው፣ ስለዚህ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ዓመቱን ብቻ ጽፎ ወሩን ካልነገራችሁ ወደኛ መቀየር አትችሉም፣ ብትቀይሩም ግምት ነው ምትጽፉት። በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ጸብ እንዳለ የታሪክ ገጾችን ዝም ብላችሁ ክፈቱ።

ይሄ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ደሴን ማን ቆረቆራት ሚለው ነው፣ እዚህ ላይ ሲደረስ ሰው ደሙ ይፈላል። አንዱ ወገን አጼ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚህ ሰፍረው ሳለ ጭራ ያለው ኮከብ አይተው ተደንቀው ከተማ ይቆርቆር አሉ፣ ስሟንም ደሴ አሏት፣ ደስታዬ እንደማለት፣ ይላል። ሌላው ደሞ ደሴን ደሴ ያረጓት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው፣ መቀመጫቸውን ከተንታ ወደዚህ አምጥተው፣ አይጠየፍ ሚባለውን አዳራሽ አሠርተው፣ ገበያውንም ቤቱንም ያቆሙት እሳቸው ናቸው ይላል። ሦስተኛው ይመጣና ኧረ ከሁለቱም በፊት ላኮመልዛ ሚባል አገር ነበረ፣ ሰው ነበረበት፣ ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም የመጡት ይላል። እኔ ሦስቱንም እየሰማሁ ነው ያደኩት፣ አንዱን ከጎረቤት አንዱን ከትምህርት ቤት አንዱን ከቤተሰብ።

አሁን ረጋ ብላችሁ እዩት፣ ሦስቱ የት ጋር ነው ሚጋጩት? አንዱ ሰፍሮ ስም አወጣ ነው፣ አንዱ መቀመጫ አርጎ ገነባ ነው፣ አንዱ ከዛ በፊት ይኖርበት ነበር ነው። "መሠረተ" ምትለዋን አንዲት ቃል ሁሉም ለራሱ ወገን ስለሚፈልጋት ነው ሚጣላው እንጂ ሦስቱም ባንድ አንቀጽ ተራ በተራ ቢጻፉ አንዱ አንዱን አይገፋውም። ማን እንዲህ እንዳለ፣ የትኛው መጽሐፍ ላይ እንዳለ፣ አስቀምጦ ማለፍ ነው። ዊኪፔዲያ ራሱ ዳኛ አይደለም፣ ገለልተኛ እይታ ሚሉት ይሄንን ነው፣ እውነት የለም ማለት ሳይሆን ጸሐፊው የራሱን ፍርድ ከምንጮቹ ፍርድ በላይ አያስቀምጥም ማለት ነው። (የኮከቡን ነገር ካነሳን አይቀር፣ በዛ ዓመት መስከረም ላይ በቀን ብርሃን ሁሉ የታየ በዓለም የታወቀ ኮሜት ነበረ። መስከረም ደሞ ዓመታችን ሚቀየርበት ወር ነው፣ ታሪኩ ስለዛ ኮከብ ከሆነ 1874 ብሎ ሚጽፍም 1875 ብሎ ሚጽፍም ይኖራል፣ በዚህም እንዳትጣሉ አደራ።)

ይሄ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ፖላንድ ውስጥ ግዳንስክ ሚባል የወደብ ከተማ አለ፣ ጀርመኖች ዳንዚግ ነው ሚሉት፣ የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ በስሙ ስንት ጊዜ ተላልቀውበታል። በ2005 እ.ኤ.አ. ድምፅ ሰጡበትና በዘመን ከፋፈሉት፣ ከ1308 እስከ 1945 ያለው ታሪክ ሲጻፍ ዳንዚግ ይባል፣ ከዛ በፊትና ከዛ ወዲህ ያለው ግዳንስክ ይባል ተባለ። እኛስ ስለ ላኮመልዛና ስለ ደሴ እንዲህ ብንስማማ ምን ይለናል? ስለ ንጉሥ ሚካኤልም እንደዛው፣ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ክርስትና ከመነሳታቸው በፊት የነበረውን ስንጽፍ ኢማም መሐመድ አሊ፣ ከዛ ወዲህ ሚካኤል። አንዱን ስም አጥፍቶ ሌላውን ብቻ መተው የሰውየውን ግማሽ ዕድሜ ማጥፋት ነው፣ ለወሎ ሰው ደሞ ይሄ ያማል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቤት ያደገበት አገር ነው።

አንድ ነገር ደሞ አለ፣ እንግሊዝኛው ላይ ጭራሽ የሌለ። አንቱታ። "ከተማዋን መሠረቱ" ነው ወይስ "መሠረተ"? አንድ ገጽ ላይ ነገሥታቱና ጳጳሳቱ ሁሉ "እሳቸው" እየተባሉ ሼሁ "እሱ" ሲባል አይቻለሁ፣ በተቃራኒውም አይቻለሁ፣ አንዱ ንጉሥ "ሞቱ" ሌላው ንጉሥ "ሞተ" ሲባልም። ጻፊው ሳያስበው ሊሆን ይችላል፣ አንባቢው ግን ወዲያው ያየዋል፣ ማን የማን ወገን እንደሆነ በግሱ ያውቀዋል። ስለዚህ ወይ ለሁሉም አንቱ ነው ወይ ለሁሉም አንተ፣ እኔ ለሁሉም አንቱ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ ምክንያቱም ከአፋችን ሚወጣው እሱ ነው፣ ግን "አንተ" ከተባለም እቀበላለሁ፣ ዋናው ገጹ ውስጥ እኩል ይሁን።

የልጅ ኢያሱ ገጽ ላይ ደሞ ምን ያህል እንደምንጋጋጥ ታውቃላችሁ። "ልጅ" ይባሉ "አቤቶ" ሚለው ብቻውን ይበቃን ነበር። ዋናው ግን ሃይማኖታቸው ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ሰልመዋል ተብለው ተከሰው ነው፣ መከሰሳቸው ማንም ሚስማማበት ነገር ነው። ከዛ አንዱ ይመጣና "ተከሰሱ" ሚለውን "ሆኑ" ያረገዋል፣ ሌላው ደሞ ክሱን ከነጭራሹ ያጠፋዋል። አንድ ግስ ነው የተቀየረው፣ ታሪኩ ግን ሌላ ሆነ። ቃል ስንቀይር እጃችን ላይ ያለውን ነገር እንወቀው። ከዚህ ሩቅ ሳንሄድ፣ ከሐይቅ ወዲያ ያለችው ውጫሌ ላይ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ላይ አማርኛው ቢፈልጉ ይችላሉ ሲል ጣልያንኛው ተስማምተዋል አለ፣ በዛ የተነሳው ነገር ዓድዋ ድረስ ሄደ።

የአጻጻፉን ነገር ባጭሩ ልበለው። ሐይቅ በየትኛው ሐ፣ ንጉሥ በየትኛው ሰ፣ ፀሐይ በየትኛው ጸ እያላችሁ ገጽ ምታዛውሩ ሰዎች እባካችሁ፣ ለዚህ መፍትሔው የተሠራ ነው፣ መምሪያ መንገድ ይባላል፣ በአንዱ አጻጻፍ ገጹን ታረጋላችሁ በሌላው ሚፈልገው ሰው በራሱ ይደርሳል። እንግሊዝኛው ላይ እርጎ ሚለው ገጽ ርዕሱ ውስጥ አንድ ፊደል ትግባ አትግባ በሚል ወደ 8 ዓመት ከተጨቃጨቁ በኋላ በ2011 እ.ኤ.አ. ነው የዘጉት። እኛ 8 ዓመት የለንም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ ሰው ሲጣላ ሚሄድበት መንገድ አለው። መጀመሪያ ደፍረህ ጻፍ፣ ከመለሱብህ መልሰህ አትመልስ፣ ውይይት ገጹ ላይ ሂድ ይላል። አንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ የመለሰ ሰው ብዙውን ጊዜ ብሎክ ይደረጋል፣ ልክ ነበርኩ ማለት ብቻውን አያድነውም። (እኔና ያ ሰው እዛ ብንሆን ሁለታችንም የመጀመሪያው ቀን ማታ ላይ ተባረን ነበር፣ ቢያባርሩንም ደግ ነበር።) ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ከተፋጠጡ ሦስተኛ አስተያየት ብለው ነገሩ ውስጥ የሌለበት ሰው ይጠራሉ። ካልሆነ ሕዝቡን ይጠይቃሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ክፍት ይሆናል፣ ማንም መጥቶ ሐሳቡን ይሰጣል፣ መጨረሻ ላይ ሚታየው የእጅ ብዛት ሳይሆን የማን ምክንያት ከምንጭ ጋር እንደቆመ ነው። ከሁሉም በላይ ደሞ የግልግል ኮሚቴ ሚባል አለ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ ነው፣ እኔን የገረመኝ ይሄ ነው፣ ኮሚቴው ስለ ጽሑፉ ይዘት ጭራሽ አይፈርድም። ደሴን ማን መሠረተ ብትሉት አያገባኝም ይላል። ሚፈርደው ስለ ሰው ጠባይ ነው፣ ማን ተሳደበ፣ ማን እምቢ ብሎ መለሰ፣ ማን በሁለት ስም እየገባ ራሱን በራሱ ደገፈ።

ይሄንን ሳነብ የኛ አባጋሮች ትዝ አሉኝ። ወሎ ውስጥ ደም የተፈላለገ ሰው ሚታረቀው በነሱ ነው፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ሰው ይለመናል፣ የበደለው ይክሳል የተቀየመው ይካሳል። እዛ ላይ ሽማግሌ ሚያደርገው ነገር ቢኖር ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ ማስተው ነው፣ አንተም ይሄን ተው አንተም ይሄን ተው፣ መሀል ላይ እንገናኝ። ለሰው ጸብ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም። ለዓመተ ምሕረት ግን አይሆንም! 1928 እና 1935 ተጣልተው መሀል ላይ 1931 ብለን አንታረቅም። ተከሰሱ እና ሆኑ መሀል የላቸውም። እኛ ሐበሾች ሁለቱን እየቀላቀልን ይመስለኛል ሚቸግረን፣ ሰውየው ሲያስቀይመን የጻፈውንም እናጠፋለን፣ ሰውየውን ስንወደው ደሞ ያለምንጭ የጻፈውን እናሳልፍለታለን፣ ይሉኝታ ይይዘናል። የተቀያየመው ሰው በሽማግሌ ይታረቅ፣ የተጣላው ቃል ደሞ በመጽሐፍ ይዳኝ፣ እነዚህ ሁለት ነገሮች ለየብቻ ይሁኑ ነው ምለው፣ ደብዳቤውን የጻፍኩትም ለዚህች ነው።

አማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ እንግሊዝኛው ያለው ሁሉ የለንም፣ ያለነው ሰዎች በጣም ጥቂት ነን፣ መጋቢዎቹም (ገጽ ሚቆልፉት ሰው ሚያግዱት) እንዲሁ፣ የግልግል ኮሚቴ ብሎ ነገር የለም። በጣም ሲብስ ከውጪ ስቱዋርድ ሚባሉት፣ የሁሉንም ቋንቋ ዊኪፔዲያ ሚጠብቁት፣ መጥተው ያግዳሉ፣ አብዛኞቹ ግን አማርኛ አያነቡም፣ ማን ምን እንዳለ አይለዩም። ትንሽነታችን ደሞ አደጋ አለው። ክሮኤሽያኛው ዊኪፔዲያ ላይ ጥቂት መጋቢዎች ወደ 10 ዓመት ያህል ገጹን ይዘው ታሪክን በራሳቸው ወገን ሲጽፉ፣ ሚቃወማቸውን ሲያባርሩ ኖረዋል፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ዊኪፔዲያን ሚያስተዳድረው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ራሱ አስጠንቶ ሪፖርት አውጥቶበታል። የስኮትስ ቋንቋው ላይ ደሞ ቋንቋውን በቅጡ የማይችል አንድ የአሜሪካ ልጅ ለዓመታት በሺህ ሚቆጠር ገጽ ጽፎ በ2020 እ.ኤ.አ. ነው የታወቀው፣ ልጁ ክፉ አልነበረም፣ ሚያርመው ሰው ነው የጠፋው። ሰው ሲያንስ እንዲህ ነው ሚሆነው፣ ወይ ጉልበተኛ ይይዘዋል ወይ ዝም ብሎ ይበላሻል። ስለዚህ አንድ አዲስ ሰው መጥቶ ሲጽፍ ምንጭ የለውም ብለን ጠራርገን ስናጠፋበት ተናዶ ከሄደ ያው ጥቂቶቹ እኛው ብቻ ነው ምንቀረው። አጥፉበት፣ ግን ለምን እንዳጠፋችሁ ገጹ ላይ ሁለት መስመር ጻፉለት፣ "አብሽር፣ ምንጩን አምጣና እንመልሰዋለን" በሉት።

የቴሌግራምና የፌስቡክ ነገር ደሞ ይቁም። አንዱ ይሸነፍና ግሩፕ ላይ ሄዶ "ታሪካችንን እያጠፉት ነው ግቡ" ይላል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ኤዲት አድርገው ማያውቁ 20 ሰዎች ይገባሉ፣ ስድቡ ይጀምራል፣ ብሔር ይጠራል፣ ገጹ ይቆለፋል፣ ከዛ የተሳሳተው ነገር ተቆልፎበት ሚቀርበት ጊዜ አለ። የ2014 ዓ.ም.ን ጦርነት ሚመለከቱ ገጾች ላይማ ምን ልበላችሁ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ያየነውን አይተናል፣ እያንዳንዳችን ሚያንገበግበን ነገር አለ፣ እኔም አለኝ። ግን ሰው ሲያዝን የጻፈው ምስክርነት ነው፣ ምስክርነት ትልቅ ነገር ነው፣ ሚቀመጥበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ገጹ ላይ ሚቀመጠው ተጣርቶ የታተመው ብቻ ይሁን፣ ቀሪው እስኪታተም ውይይት ገጹ ላይ ይጠብቅ።

እዚህ ላይ ለደሴ ከተማና ለደቡብ ወሎ ባህልና ቱሪዝም፣ ለወሎ ዩኒቨርሲቲም አንድ ልመና አለኝ። የጸባችን ግማሹ ከምንጭ እጦት ነው ሚመጣው። የወሎ ታሪክ ያለው በሰው አፍ ነው፣ በመንዙማው ነው፣ በቅኔው ነው፣ በሽማግሌው ነው፣ ዊኪፔዲያ ደሞ አያቴ ነገሩኝ ብትሉት አይቀበልም፣ የታተመ አምጡ ይላል። ያለ ምክንያት አይደለም፣ የኔ አያት አንድ ቢሉኝ የናንተ አያት ሌላ ይላሉ፣ ማን ያረጋግጣል? ሕንድና ደቡብ አፍሪካ ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ሽማግሌዎችን በድምፅ ቀድቶ እሱን እንደምንጭ የመጠቀም ሙከራ ተደርጎ ነበር፣ ሐሳቡን እወደዋለሁ፣ ግን ሠፊ መንገድ አልሆነም። ስለዚህ መቅዳቱም ማሳተሙም የናንተ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሙዚየማችን ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የቀረውን ሰነድና ፎቶ ስካን አርጉት፣ በነፃ ፈቃድ ኮመንስ ላይ (የዊኪፔዲያ የፎቶና የሰነድ ማስቀመጫ ነው) ጫኑት፣ ተማሪዎቻችሁ ስለ ወሎ የጻፉትን ጥሩ ጥሩ ጥናት መጽሔት ላይ አሳትሙትና ከነገጹ ቁጥር እንጥቀሰው። አንድ ቀኑ የተጻፈበት አሮጌ ፎቶ ስንት ሌሊት ጭቅጭቅ እንደሚያስቀር አታውቁትም። ስካን ማድረጊያ ካጣችሁ የኔ ማሽን አሮጌ ናት ግን ትሠራለች፣ ቅዳሜና እሁድ በነፃ እሠራላችኋለሁ፣ ከልቤ ነው።

ወንድሞቼ እህቶቼ፣ ከናንተ ምፈልገው ብዙ አይደለም። ሁለተኛ ጊዜ ከመመለሳችሁ በፊት እጃችሁን አንሱና ውይይት ሚለውን ተጫኑ። እዛ ስትጽፉ "አንተ" ብላችሁ አትጀምሩ፣ "ይሄ ዓረፍተ ነገር" ብላችሁ ጀምሩ፣ ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ። መጽሐፍ ስትጠቅሱ ገጹን ጻፉ፣ ዓመት ስትጽፉ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ። ሦስት ቀን ቆይታችሁ ካልተግባባችሁ ከኮምቦልቻም ይሁን ከባቲ ከመርሳም ይሁን ከውጪ አገርም ነገሩ ማይነካውን አንድ ሰው ጥሩ፣ እሱ ሚለውን ተቀበሉ ማለቴ አይደለም፣ ምክንያታችሁን ለሦስተኛ ሰው ስታስረዱ ግማሹ እዛው ይጠራል። የተቀያየማችሁም ካላችሁ ስልክ ተለዋውጣችሁ ተደዋወሉ፣ ደሴ ላይ ያላችሁ ደሞ ቡና እኔ አፈላለሁ። መጨረሻ ላይ ያቺን የተጠማዘዘች ሰረዝ (~) አራት ጊዜ መትታችሁ ፈርሙ፣ ማን መቼ እንደተናገረ ይታወቅ።

የመጨረሻዋ ለ1935ቱ ሰው ናት። ወንድሜ ይሁኑ እህቴ አላውቅም ስለዚህ እርስዎ ልበል። ዓመቱን ሁለቱንም አርጌ ጽፌዋለሁ፣ የኛው ቀድሞ የፈረንጁ ተከትሎ፣ ደስ ካላለዎት ቅደም ተከተሉን ይንገሩኝ። ያኔ ያለምንም ማብራሪያ ስላጠፋሁብዎት ይቅርታ ጠይቄ ውይይት ገጹ ላይ ጽፌያለሁ፣ የመጀመሪያው መስመር እሱ ነው። እታች ጃንሆይ መትረየስ ይዘው ያሉበት ፎቶ መግለጫ ላይ ደሞ እርስዎ የጻፉት ወር ልክ አልመሰለኝም፣ ምንጭ የለውም። አልነካሁትም። ከሥሩ ጥያቄዬን አስቀምጫለሁ፣ በየማታው ሱቅ ስዘጋ እየከፈትኩ አያለሁ፣ እየጠበኩዎት ነው።

ከደሴ፣ ፒያሳ